ጣናን የምሰናበትባት ታንኳ

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ዝውውራችን ጸደቀ። በዚህ ወር መጨረሻ ድሬዳዋ እንገባለን። የባለቤቴ እናት ብቻቸውን ናቸው፤ ጤናቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ በመሄዱ ላይ ብዙ አልተከራከርንም። ትናንት ማታ ግን የሚሸጠውንና የሚጫነውን ዕቃ ስንለይ ልጄ ድንገት «ጣናስ?» አለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? ዝም አልኩ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሐይቁ ዳር ኖሬያለሁ። ዘጌ ስንቴ ሄጃለሁ። ክብራን ገብርኤልን ተሳልሜያለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጀልባ ተኮናትሬ አስጎብኝቻለሁ። ሁሉም ግን በሞተር ጀልባ ነበር። ሞተሩ ይጮኻል፣ ወፉ ይበራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። እኔ የምወደው ጣና እሱ አይደለም። እኔ የምወደው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዳር ቆሜ የማየውን ነው። ነፋስ የለም። ውሃው ጸጥ ብሏል። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫነ ሰው ሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል ከሚባል ረጅም ተክል በታሰረ ታንኳ ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል። አሥራ ሦስት ዓመት እሱን ሳይ አንድም ቀን ታንኳ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ስለዚህ ወሰንኩ። ከመሄዴ በፊት ታንኳ በእጄ እሠራለሁ። ልጄን ይዤ አንድ ጠዋት ሐይቁ ላይ እወጣባታለሁ። የሥራውን ሂደት እየጻፍኩ አስቀምጣለሁ።

ዓሣ የምንገዛቸው አንድ የወይጦ ሽማግሌ አሉ። የወይጦ ሰዎች ጣናን ከማንም በላይ ያውቁታል። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የታንኳው ሙያም የእነሱ ነው። ከሰዓት ሄጄ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ታንኳ መሥራት ያስተምሩኛል?»

«ለመግዛት ነው ወይስ ለማወቅ?»

«ለማወቅ።»

ትንሽ አዩኝ። «እንግዲያው ነገ በጠዋት ማጭድ ይዘህ ና» አሉ።

ጥር 3፣ እሑድ

ዛሬ ደንገል አጨድን። ወገቤ ተቆርጧል፤ ግን እየጻፍኩ ነው።

የሄድነው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ነው። ሽማግሌው መንገድ ላይ በእጃቸው ወደ ከተማው ዳርቻ እያሳዩ «ይኼ ሁሉ ደንገል ነበር፤ ልጅ ሆኜ ከቤታችን ደጃፍ ነበር የምናጭደው» አሉኝ። አሁን እዚያ ግንብ፣ የከብት ግጦሽና የጫት ማሳ ነው የሚታየው። ለአንድ ታንኳ የሚሆን ደንገል ለማግኘት አንድ ሰዓት ሙሉ ተጓዝን።

ቦቲ አድርጌ ገባሁ፤ እዚህ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። እሳቸው በባዶ እግራቸው ገቡ። ለምኛቸው ነበር፤ «እግሬ መሬቱን ካላገኘው አላጭድም» አሉኝ።

ደንገል ከሩቅ ሲያዩት ሣር ይመስላል። ሥሩ ሲቆሙ ግን ከሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል። አናቱ ላይ እንደ ፀጉር የተበተነ አረንጓዴ ጎፈሬ አለው። ግንዱ ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። በማጭድ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በአውራ ጣት ስጫነው ገባ፤ ስለቀው ቀስ ብሎ ተመለሰ። አየር የታጨቀበት ስፖንጅ ነው። ታንኳዋን የሚያንሳፍፋት ይኼ ነው። ሽታው ለቡና የምንጎዘጉዘውን ቄጠማ ይመስላል፤ ዘመዳሞች ናቸውና።

የማጨዱ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀጭኑንና ለጋውን መተው። ጎፈሬው ቡናማ መሆን የጀመረውን፣ ግንዱ ሲጨበጥ የማይሰምጠውን መምረጥ። ሁለተኛውን ግን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነው የነገሩኝ። «አትንቀል። ሥሩ ይቅር። ሥሩ ከቀረ ይመለሳል።» አንዴ ስስብ አንዱ ከነሥሩ መጣብኝ። ከእጄ ተቀብለው ጭቃው ውስጥ መልሰው ተከሉት፤ በእግራቸውም ረገጡት። ምንም አልተናገሩም።

ሦስት መቶ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት። ጎፈሬውን እየቆረጥን ጣልን፤ ዘንጉን አስረን በእሳቸው ታንኳ ሁለት ጊዜ አመላለስነው።

ጥር 4፣ ሰኞ

ደንገሉን ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጄን ይዣት ሄድኩ። በየቀኑ መገልበጥ አለበት፤ ካልተገለበጠ ከሥር ይሻግታል። እሷ ገልባጭ ሆና ተቀጠረች።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ጥምቀት አለፈ። ስምንት ቀን ደርቋል። ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ገለባ ሄዷል፤ ሸክሙም ከግማሽ በታች ቀሏል። እኔ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው አንድ ዘንግ አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ አደረጉት፤ አዳመጡት። «ገና ነው። ውስጡ ውሃ አለ» አሉ። እኔም ሞከርኩ። ምንም አልሰማሁም።

ከቡና በኋላ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌጂያዊ በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ተነስቶ ነበር። ጀልባዋ «ራ» ትባላለች፤ የታሰረችው ግብፅ ነው፤ ደንገሏ ግን የተጓዘው ከዚሁ ከጣና ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ መንገድ ላይ ተበላሽታ ቀረች። በዓመቱ ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ሽማግሌው የባርባዶስን ርቀት አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሌላ ነው፦ «57 ቀን ውሃ ላይ? ሳትወጣ? ሳትደርቅ?» አዎ አልኳቸው። «የእኛዋ በየቀኑ ትወጣለች፤ ቆማ ትደርቃለች። እንዲያም ሆኖ ትጠጣለች» አሉ። ከዚያ ረጅም ሰዓት ዝም ብለው አሰቡ። እንዴት እንዳሰሯት እያሰቡ እንደነበር ያስታውቃል፤ ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሱ ነበር።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ ማሰር ጀመርን። ከጠዋት እስከ ማታ።

መጀመሪያ መሬቱ ላይ ሲባጎ በአግድም ተዘረጋ፤ ከገመድ እስከ ገመድ አንድ ክንድ ያህል ነው። ድሮ ገመዱም ከራሱ ከደንገሉ ልጥ ይገመድ ነበር። ሽማግሌው አንዱን ልጥ ጭናቸው ላይ አሽተው ገምደው አሳዩኝ፤ ጎትቼ ልበጥሰው አልቻልኩም። ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ሲባጎ ደግሞ ከሱቅ ይገዛል።

ከዚያ ደንገሉ ላዩ ላይ ይደረደራል። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ኋላ፣ ቀጭኑ ወደ ፊት ነው። የታንኳዋ አፍንጫ እየቀጠነ የሚሄደው ከዚህ የተነሳ ነው። ማንም አይጠርበውም፤ ተክሉ ራሱ ቅርጹን ይዞ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። የመጀመሪያውን እስር ለማጉበጥ ስሞክር ዘንጎቹ ቷ ቷ እያሉ ተሰበሩ። አምስት ስድስቱ ሄዱ። የደረቀ ደንገል ይሰበራል፤ እርጥብ ሲሆን ግን ይለመጣል፣ ይጠነክራል። ሽማግሌው ባልዲ አመጡና ውሃ አርከፈከፉበት። ጆንያ አልብሰን ሻይ እስክንጠጣ ተውነው። ስንመለስ እንደ ጠፍር ታዘዘ። ይኼን ያህል ቀን ካደረቅን በኋላ መልሰን ማርጠባችን ገርሞኝ ጠየቅኳቸው። «ያደረቅከው ሆዱን ነው። አሁን የምታረጥበው ቆዳውን ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አያስፈልገኝም።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። እስሩን በእግር ይረግጡታል፣ ሲባጎውን በሁለት እጅ ይስባሉ፣ በዱላ ዙሪያውን ይደበድቡታል፣ ይላላል፤ እንደገና ይስባሉ። ሦስት ጊዜ። አራተኛው ላይ ሲባጎው ደንገሉ ውስጥ ሰጥሞ መስመር ብቻ ይቀራል። የእኔ ቋጠሮ ሁለት ጣት ያስገባ ነበር። የእሳቸው ጥፍር አያስገባም። የእኔን ሁሉ ፈቱት፤ አልተቆጡም። «ይኼ ልጅህ የምትቀመጥበት ነው» ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ያሰርኩት አልተፈታም።

ማታ ላይ የታንኳዋ አካል ቆመ። ርዝመቷ ዘጠኝ ክንድ፤ በሜትር ከአራት ትንሽ ታልፋለች። አፍንጫዋን ወደ ላይ ስበን በገመድ ከወገቧ ጋር ወጠርናት፤ እንዲያ ሆና ታድራለች። መዳፌ ተልጧል። ባለቤቴ ቅባት እየቀባችልኝ «ዕቃው መቼ ነው የሚታሸገው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገ ማታ እጀምራለሁ።

ጥር 17፣ እሑድ

የውስጡን ንጣፍ ሠራን። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም የማላውቀው ነገር ይኼ ነበር። ታንኳ አንድ አካል አይደለችም፤ ሁለት ናት። ውጪያዊዋ እንደ ጫማ ናት፤ ውስጧ ሌላ የደንገል እስር እንደ ፍራሽ ይገባል። ሰው የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ውሃ በጎን ሾልኮ ቢገባ እንኳ የተቀመጠው ከፍ ብሎ ይቀራል። ታንኳ እንደ ጀልባ ውሃ አታግድም። ውሃው እንደልቡ ይገባል ይወጣል፤ የሚያንሳፍፋት ደንገሉ ነው።

እያሰርን ስለ ዓሣ አወራን። ነጩ ዓሣ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥቶ ነው እንቁላል የሚጥለው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የከርሞውን ዓሣ ነው የሚይዘው። ሽማግሌው ይኼን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አለ። ሌላ ጊዜ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ሐይቁን ስለወረረው እምቦጭ ስለሚባለው አረምም አነሳን። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ሲታይ አበባው ያምራል ያለ ብዙ ሰው ነበር። እኔም በኋላ በዘመቻው ሄጄ በእጄ ነቅያለሁ። በማግሥቱ እዚያው ቦታ ስንመለስ ነፋስ ሌላ እምቦጭ አምጥቶ ሞልቶበት ነበር። እንባ እንባ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ጥር 18፣ ሰኞ

ሙከራ። ታንኳዋን ለሁለት ተሸክመን ዳር አደረስናት። ውሃ ላይ ስትቀመጥ ወደ ግራ አዘነበለች። ልጄ «ታማለች» አለች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በዓይናቸው ለኩ። የቀኙ እስር በስምንት ዘንግ ይበልጣል አሉ። አውጥተን ቆጠርን። ሰባት ነበር።

በግራ በኩል ሰባት ዘንግ ጨምረን አሰርን። ቀጥ አለች።

መቅዘፊያው የቀርቀሃ ዘንግ ነው፤ መሐሉን ይዘው በሁለቱም ጫፍ ቀኝ ግራ እያሉ ይቀዝፋሉ። ካያክ የሚቀዝፉ ሰዎች በሌላ አገር የሚያደርጉትን ይመስላል። መቀመጡም ያው ነው፤ እግር ዘርግቶ፣ ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። ግማሽ ሰዓት ተለማመድኩ። ሲጠልቅ በኃይል፣ ሲወጣ በዝግታ ነው። ትከሻ ሳይሆን ወገብ ነው የሚሠራው።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ዛሬ ነበር። ከማታው ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ልጄ ተኝታለች። ሳልረሳው ልጻፈው።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሳን። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የጥር ማለዳ ያንዘፈዝፋል። ልጄ ላይፍ ጃኬት ከላይ፣ ሹራብ ከሥር ለብሳለች፤ ጋቢዬን ደረብኩላት። ሽማግሌው የራሳቸውን ታንኳ ይዘው ከጎናችን ሆኑ። «ነፋሱ ሳይነሳ እንመለሳለን» አሉ። ረፋዱ ላይ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሳል፤ ጣና ከዳር የሚያዩት አይደለም ያኔ።

ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አቅጣጫ ቀዘፍን። የመጀመሪያው ነገር ዝምታው ነው። ከቀርቀሃው የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል። ከሩቅ የቅዳሴ ድምፅ በውሃው ላይ ይመጣል፤ ከየትኛው ደሴት እንደሆነ አልለየሁም። ሰማዩ ከምሥራቅ መንጣት ሲጀምር ፔሊካኖቹን አየናቸው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ተሰልፈው ተኝተዋል። በሞተር ጀልባ ሁልጊዜ ሲበሩ ነበር የማያቸው። ዛሬ አንዱ አንገቱን አንስቶ አየንና መልሶ ክንፉ ውስጥ ከተተው። ልጄ እጄን ጨመቀችኝ። አጠገባቸው አለፍን።

ከዚያ ደንገሉ ውስጥ ገባን። ሽማግሌው የሚያውቁት ቀጭን መተላለፊያ አለ፤ ከአንድ ታንኳ ወርድ አይሰፋም። ግራና ቀኝ አረንጓዴ ግድግዳ፣ ከላይ ጎፈሬው ተገጣጥሞ ጣሪያ ሆኗል። ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ነው። የታንኳችን ጎን ከቆመው ደንገል ጋር እየተፋተገ ሽው ሽው ይላል። ያደረቅነውና ያላጨድነው ተነካኩ። ልጄ እጇን ዘርግታ አንዱን ዘንግ ዳሰሰችና «ሦስት ማዕዘን» አለች በሹክሹክታ።

እዚያ ቆየን። ምን ያህል እንደሆነ ሰዓት አላየሁም። ረጃጅም ጣት ያላት ቡናማ ወፍ በውሃ ላይ ቅጠል ለቅጠል ስትራመድ አየን፤ ቅጠሉ ገና ሳይሰምጥ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ቆየችና ተወረወረች። ይዛ ወጣች። እንጨት ላይ ደብደብ አድርጋ ዋጠችው። እንግዲህ ይኼ ሁሉ ከቤቴ በእግር ሊደረስ በሚችል ቦታ በየቀኑ ይሆን ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት።

ከመተላለፊያው ስንወጣ ሽማግሌው ቀርቀሃቸውን አግድም አነሱ። ቁም ማለት ነው። ከፊታችን ሠላሳ እርምጃ ያህል ላይ ሁለት ጆሮና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ውሃው ላይ ነበሩ። ጆሮዎቹ ተራገቡ። ትንፋሹ ፍፍፍ ሲል ውሃው ተረጨ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ነው ወደ ውሃ የሚመለሰው። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። አንድ እጄ ልጄ ላይ፣ አንድ እጄ ቀርቀሃው ላይ። ሽማግሌው በሹክሹክታ «ወደ ኋላ፤ ውሃውን ሳትመታ» አሉ። ቀርቀሃውን ወደ መሬት አወረድኩት። ነካ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። መሬቱን እየገፋሁ ቀስ ብለን ወደ መተላለፊያው ተመለስን። ጉማሬው ሲያየን ቆይቶ ሰጠመ። በሌላ በኩል ዞረን ሄድን።

በኋላ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው፤ «አያትዎ ያድኑ ነበር?»

«አያቴ ያድን ነበር። አባቴ አይቷል። እኔ ሰምቻለሁ።» ትንሽ ቀዘፉ። «አሁን ከሱ ጋር መንገድ እንለዋወጣለን።»

ደብረ ማርያም አጠገብ ዛፍ ሥር ቁርስ በላን። ድፎ ዳቦና በፔርሙዝ የያዝነው ሻይ። ልጄ ከዚያ ተነስታ ውሃው ዳር ቁጢጥ አለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ምን እንዳለችው አልጠየቅኳትም። የእሷና የጣና ጉዳይ ነው።

እኔም ልናገር አስቤ ነበር። ከቤት ስወጣ ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር። ሲደርስ አልመጣልኝም። የታንኳዋን ጎን ዳሰስኩ፤ ከውሃው መስመር በታች ያለው ደንገል ከወዲሁ ለስልሷል።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ነፋሱ ቀደመን። ሞገዱ ትንሽ ነበር፤ ግን ወደ ጎን እየገፋ ወደ ደንገሉ ይወስደን ነበር። ሽማግሌው ከነፋሱ በኩል ሆነው ከለሉን። ቋጠሮዎቹ ይንቋቋሉ። አንዱም አልላላም። ዳር ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

ታንኳዋን ጎትተን አወጣናት። ከጠዋቱ ይልቅ ከብዳለች፤ ጠጥታለች። ሾላው ላይ አስደግፈን አቆምናት። ውሃው ከጭራዋ በኩል ለረጅም ጊዜ ተንጠባጠበ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ነገ እንሄዳለን። ጭነቱ ወጥቷል። ታንኳዋን ለሽማግሌው ተውኩላቸው። ገንዘብ ልሰጣቸው ብዬ ነበር፤ አልተቀበሉም። ማጭዴን ግን ተቀበሉኝ። ልጄን ግንባሯን ሳሟት፤ «ትምህርትሽን ተማሪ፤ ዋናም ተማሪ» አሏት።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ድሬዳዋ ነን። ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ አይርቅም። ደቻቱ አሁን አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በመሐሉ ይሻገራል። አማቴ ደህና ናቸው፤ በመምጣታችን ፊታቸው በርቷል።

ዛሬ ማታ ሽማግሌው ደወሉ። ታንኳዋ ከሚገባው በላይ ጠጥታለች፤ ዓሣ ሲያጠምዱባት ቆይተው ትናንት ፈቷት። ደንገሉን ለማገዶ አሰጡት። ሲባጎውን አጥበው ጠቅልለው አስቀምጠዋል፤ ለሚቀጥለው ይሆናል።

ልጄ ስልኩን ቀማችኝ። «ያጨድነው ቦታ በቅሏል?» አለች።

«አንቺዬ፣ ክንድ አልፏል» አሏት።

ስልኩን ሰጠችኝና ወደ ግድግዳው ሄደች። ክርኗን ወለሉ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ጣቷ የደረሰበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች።